ጁዶ፡ ከጉልበትም ከፍጥነትም የሚልቀው ጊዜን የማወቅ ጥበብ

እአአ በ1955 በተሠራ አንድ ፊልም ላይ ሰባ ዓመትን የተሻገሩት ጃፓናዊው የጁዶ መምህር ኪዩዞ ሚፉኔ፣ በዕድሜ ከሚያንሷቸውና በአካል ከሚገዝፏቸው ጥቁር ቀበቶ ታጣቂዎች ጋር ሲገጥሙ ይታያሉ። ቁመታቸው አጭር፣ ሰውነታቸውም ቀጭን ነው። ሆኖም ሊጥሏቸው ከሚሞክሩት ያመልጣሉ፤ ብዙ ጉልበት ያወጡ ሳይመስሉም መልሰው ይጥሏቸዋል።

ጉልበት በዕድሜ ከደከመ በኋላ ይህ እንዴት ይቻላል? የማርሻል አርት መምህራን መልስ ጊዜን በማወቅ የሚል ነው።

ፍጥነት ብቻውን ለምን አይበቃም?

የሰው ልጅ በዓይኑ ላየው ቀላል ምልክት ምላሽ ለመስጠት አንድ አምስተኛ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከበርካታ አማራጮች መምረጥ ሲኖርበት ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። ስለዚህ የተጋጣሚውን ጥቃት አይቶ ለመመለስ የሚጠብቅ ሰው፣ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ሊዘገይ ይችላል።

ልምድ ያለው ተፋላሚ የሚያነበው የጥቃቱን ዋዜማ ነው፦ የትከሻን መወጠር፣ የክብደትን ወደ አንድ እግር ማዘንበል። በጁዶ ተጋጣሚዎች ልብስ ለልብስ ስለሚያያዙ ይህን ምልክት ከዓይን ይልቅ እጅ ቀድሞ ይረዳዋል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው 'ዴ አሺ ባራይ' የተሰኘው ወደፊት የሚራመድን እግር የመጥረግ ስልት ነው። እግሩ ገና አየር ላይ ሳለ ቢጠረግ ክብደት ስላላረፈበት ተጋጣሚው አይወድቅም። መሬት ረግጦ ከጸና በኋላ ቢጠረግም ምሰሶ እንደ መምታት ነው። የሚጥለው፣ ክብደቱ ወደ እግሩ መሸጋገር ጀምሮ ገና ሳይደላደል ባለችው ቅጽበት ነው።

ሦስቱ ጊዜያት

የጃፓን የፍልሚያ ጥበቦች ጊዜን በሦስት ይከፍላሉ። 'ጎ ኖ ሰን' ጥቃቱን አሳልፎ ወይም ተከላክሎ መመለስ ነው። 'ሰን ኖ ሰን' ጥቃቱ ሲጀመር በዚያው ቅጽበት መቅደም ሲሆን፣ 'ሰን ሰን ኖ ሰን' ደግሞ ተጋጣሚው ለማጥቃት ሐሳቡን ሲቆርጥ፣ አካሉ ሳይነሳ መቅደም ነው።

ከመምህር የሚገኘው

ጁዶን እአአ በ1882 የመሠረቱት ጂጎሮ ካኖ ሥልጠናውን በሁለት መንገድ አዋቅረውታል፦ አስቀድሞ በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚከናወነው 'ካታ' እና ነጻ ልምምድ የሆነው 'ራንዶሪ'። የመጀመሪያው የአካልን ቅርጽ ያስተምራል። ጊዜ የሚፈተነው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነገር በማይታወቅበት በሁለተኛው ነው።

እዚህ ላይ የመምህሩ ሚና ወሳኝ ይሆናል። ጀማሪ ተማሪ ጊዜው መሳቱን በራሱ መለየት ይቸግረዋል፤ ሲያቅተውም ጉልበት ይጨምራል። የልምምድ ጓደኛው በይሉኝታ ከወደቀለት ደግሞ የተሳሳተውን ጊዜ ትክክል አድርጎ ይማራል። ጥሩ መምህር ግን ተማሪውን ይዞ እየተራመደ ጊዜው ሲሳት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጊዜው ሲገጥም ሳይከላከል ይወድቃል። ከብዙ ገለጻ ይልቅ ይህ አወዳደቅ ራሱ መልስ ነው።

ለዚህም ነው መምህርን የሚመርጥ ሰው ስንት ሰው ጣሉ ብሎ ብቻ መጠየቅ የማይበቃው። ለማን፣ መቼ እንደሚወድቁም ማየት ይኖርበታል።