የምግብ ቤት ግሪል፤ ከዋጋው በፊት ሰሌዳው

ሥጋ ቤቱም ካፌው ከከሰል ወደ ጋዝ ግሪል እየተሻገረ ነው። ከሰል ጭሱ ብዙ፣ ሙቀቱም አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚል በመሆኑ ባለቤቶቹ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን አዲስ ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው ግሪል ሊገዛ ሲሄድ በቅድሚያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። መጀመሪያ መታየት የነበረበት ግን ከዕቃው ጀርባ ወይም ከሥር የተለጠፈችው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ናት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ያገለገሉ ሆነው የሚመጡ ግሪሎች ብዙዎቹ በቧንቧ ለሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ የተሠሩ ናቸው። እኛ ዘንድ የምንጠቀመው በሲሊንደር የሚሸጠውን ቡታጋዝ፣ ማለትም የፕሮፔንና የቡቴን ቅልቅል ነው። አንድ ሜትር ኩብ ፕሮፔን ከተፈጥሮ ጋዝ 2.5 እጥፍ ያህል ሙቀት አለው። ስለዚህ ለተፈጥሮ ጋዝ የተበሳ ኖዝል ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ በሲሊንደር ጋዝ ሲለኮስ ነበልባሉ ከግሪሉ አልፎ ጭስ መሳቢያው ድረስ ይዘላል፣ ሥጋውም በጥቀርሻ ይጠቁራል። በአውሮፓ ዕቃ ሰሌዳ ላይ «ጂ 20» ማለት የተፈጥሮ ጋዝ፣ «ጂ 30» ቡቴን፣ «ጂ 31» ደግሞ ፕሮፔን ነው። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ካለዎት ሌላ ሱቅ ይሞክሩ። ዕቃው ወደ ሲሊንደር ጋዝ የሚለወጥ ከሆነም የአምራቹ ኖዝሎች አብረው መሸጥ አለባቸው። ያለውን ቀዳዳ በብየዳ አጥብቦ እንደገና መብሳት ግን ሥራ አይባልም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው፤ ይህንን ገዢም ሻጭም ሲያነሳው አይሰማም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከጠረፍ ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ነበልባሉ በቂ አየር ካላገኘ ቢጫ ይሆናል፣ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድም ያመነጫል። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ደንብ ከ600 ሜትር በላይ የሚተከል የጋዝ ዕቃ ከባሕር ወለል ጀምሮ ተቆጥሮ በየ300 ሜትሩ 4 በመቶ ኃይሉ እንዲቀነስ ያዛል። ይህ ለአዲስ አበባ 30 በመቶ ገደማ ሲሆን ለአዳማ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። በሌላ አነጋገር 24 ኪሎዋት ተብሎ የተገዛ ግሪል እዚህ በትክክል ሲስተካከል የሚሰጠው 17 ኪሎዋት ያህል ነው። የሚጠብቁትን ደንበኛ ቁጥር ሲያሰሉ ይህንን ያስቡበት።

ያም ሆኖ ፍጆታው ቀላል አይደለም። 17 ኪሎዋት የሚሠራ ግሪል በሰዓት 1.3 ኪሎ ገደማ ጋዝ ይበላል። አንዲት የቤት ሲሊንደር ይህን ያህል ለረጅም ሰዓት ማትነን ስለማትችል ውጪዋ በረዶ ይይዛል፣ እሳቱም ይደክማል። ያኔ ሲሊንደሯን ወደ እሳት የሚያስጠጋ ወይም የፈላ ውኃ የሚያፈስባት ወጥ ቤት አይጠፋም፤ ይህ አደጋ መጥራት ነው። መፍትሔው ሁለት ወይም ሦስት ሲሊንደር በባለሙያ አጣምሮ ማስገጠም ነው።

ሲሊንደር ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቢጋደም ፈሳሹ ራሱ ወደ ጎማው ይገባል። የሚቀመጠውም ውጭ፣ አየር በሚነፍስበት ቦታ ነው። ምድር ቤትና ጉድጓድ አጠገብ አይሆንም፤ ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ ከአየሩ 2 በመቶ ያህል ሲሞላም ለመቀጣጠል አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ጎማው ለጋዝ የተሠራ ሆኖ በፋሸታ ይጠበቅ እንጂ በሽቦ አይታሰር። መገጣጠሚያዎቹ በሳሙና አረፋ ይፈተሹ። አረፋው ካበጠ ጋዝ ይሾልካል ማለት ነው። በክብሪት የሚፈትሽ ሠራተኛ ካለዎት ዛሬውኑ ያስቁሙት።

ሲለኮስ ጭስ መሳቢያው አስቀድሞ ይከፈታል፣ የግሪሉ ቁልፎች በሙሉ መዘጋታቸው ይታያል፣ ከዚያ ሲሊንደሩ ቀስ ብሎ ይከፈታል። ፓይለት የምትባለዋን ትንሽ እሳት ለመለኮስ ክብሪቱ ይቀድማል፣ ጋዙ ይከተላል። ቁልፉን ተጭነው 30 ሰከንድ ያህል ይያዙት፤ ነበልባሉ የሚያሞቀው ዘንግ ሲግል ጋዙን ክፍት አድርጎ ይይዘዋል፣ እሳቱ ቢጠፋም ይዘጋዋል። አንዳንድ ርካሽ ግሪሎች ይህ መቆለፊያ የላቸውም፤ ሲገዙ ይጠይቁ። እሳቱ እምቢ ካለ ሁሉንም ዘግተው 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ወጥ ቤት በረገበ ቁጥር ፊቱን የሚቃጠለው ይህቺን 5 ደቂቃ የነፈገ ሰው ነው። ትክክለኛው ነበልባል ሰማያዊ ነው። ቢጫ ከሆነ የአየር መግቢያው ይከፈትለት፤ ከበርነሩ ተነቅሎ የሚንሳፈፍ ከሆነ ደግሞ ይጥበብ።

አዲስ ግሪል ሥጋ ሳይጫንበት አንድ ሰዓት ያህል ይንደድ፤ ፋብሪካ የቀባው ዘይት ጭሶ ያልቃል። ማታ ሲዘጋ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ ሲሊንደሩ ይዘጋል፣ በጎማው የቀረው ጋዝ ነድዶ ያልቃል፣ በመጨረሻ ቁልፎቹ ይዘጋሉ። የስብ መያዣዋ ሳህን ያኔውኑ ትታጠብ፤ ስብ ሲቀጣጠል ውኃ አይጠፋበትምና።