ከፍ ያለ ሚኒሞ፦ ተረቱና እውነታው

በሆሳዕና መንገዶች ላይ ከባጃጁና ከሚኒባሱ መሐል ያረጀ ኮሮላ አይጠፋም። ቶዮታ በፈረንጆቹ 1987 ገደማ ፎር ኤ ኤፍ ኢ የተባለውን ሞተር ኮሮላ ላይ ሲገጥም፣ የካርቡራቶሩን ሥራ በኮምፒውተር ትእዛዝ ቤንዚን የሚረጭ ኢንጀክተር ተረከበው። የዚያ ዘመን መኪኖች እስከ ዱራሜ፣ ሺንሺቾና ሾኔ ዛሬም ይመላለሳሉ። በቶሎ የሚተኩም አይመስልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። እንግዲህ ያለውን ጠግኖ መንዳት ነው።

በእነዚህ መኪኖች ላይ ብዙ ወሬ የሚወራበት ሕመም የሚኒሞ መጨመር ነው። ሞተሩ ከሞቀና እግር ከነዳጅ መስጫው ከተነሳ በኋላ ዙሩ በደቂቃ 800 አካባቢ መርጋት ሲገባው፣ 1,500 ወይም 2,000 ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ምክንያቱን የሚናገር አይታጣም። ነገር ግን አብዛኛው ምክር ከካርቡራቶር ዘመን የተረፈ ነው።

“ደጋ ነው ጋሼ፣ አየሩ ነው” የሚለው መልስ በቅድሚያ ይመጣል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች መልሱ ያሳምናል። ፊዚክሱ ግን ተቃራኒውን ይናገራል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ያው ቀዳዳ እዚህ የሚያስገባው አየር በሩብ ያህል ያንሳል። ከፍታ ጉልበት ይቀንሳል፣ ዳገት ላይ ሞተሩን ያደክማል እንጂ ሚኒሞ አይሰቅልም። እውነት ያለው በማለዳው ብርድ ላይ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ኮምፒውተሩ ዙሩን ሆን ብሎ ወደ 1,200 እና 1,500 መሐል ያወጣዋል፤ ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ያወርደዋል። ይህ ጤና ነው። ሕመም የሚሆነው ውሃው ሞቆም ዙሩ አልወርድ ሲል ነው።

ቀጥሎ ቤንዚን ይከሰሳል፤ “በዝቶበት ነው፣ ኢንጀክተሩ ይታጠብ” ይባላል። የቤንዚን ሞተር ፍጥነት የሚወሰነው በሚገባው አየር መጠን ነው። ቤንዚን ብቻውን ቢበዛ ሞተሩ ይታነቃል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ጸጥ ብሎ 1,800 ላይ አይዘምርም። በአብዛኞቹ የዚያ ዘመን ኮሮላዎች ላይ ያለው ሴንሰር ማኒፎልድ ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚለካ፣ በተሰነጠቀ ቱቦ የሰረገ አየር ኮምፒውተሩን አያደናግረውም። ግፊቱ መጨመሩን ያያል፣ ለዚያ የሚመጥን ቤንዚን ይጨምራል፣ ዙሩም ይወጣል። ሞተሩ እየጮኸም ለስላሳ የሚሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጥያቄው “ቤንዚኑ ለምን በዛ?” ሳይሆን “አየሩ በየት ገባ?” መሆን አለበት።

ይህ ሳይጠየቅ ካቻቢቴ ሲነሳ ነገሩ ይበላሻል። ትሮትል ቦዲው ላይ ያለው ብሎን ሲዞር ዙሩ ይወርዳል፣ ባለቤቱ ከፍሎ ይሄዳል። የካርቡራቶር ብሎን ማስተካከያ ነበር፤ የትሮትሉን ማረፊያ የሚወስነው ብሎን ግን ፋብሪካ ለክቶ የዘጋው ነው። እሱ ሲነካ እግር ከነዳጅ መስጫው መነሳቱን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ሴንሰር መስመሩን ሊስት ይችላል። ከሳተ ኮምፒውተሩ ሹፌሩ አሁንም ነዳጅ እየሰጠ ነው ብሎ ሚኒሞውን መቆጣጠር ያቆማል። ቁልቁለት ላይ፣ ማርሽ ገብቶ እግር ሲነሳ ቤንዚን መቁረጡም አብሮ ይቀራል። ሕመሙ እንዳለ ሆኖ ሁለተኛ ሕመም ተጨመረበት ማለት ነው።

ብዙ ገንዘብና ቤንዚን የሚያባክነው ግን የቴርሞስታቱ ተረት ነው። “ቴርሞስታት ለፈረንጅ አገር ነው፤ ይውጣ፣ ሞተሩ አይፈላም” ይባላል፤ በየጋራዡ ነቅሎ መጣል የተለመደ ነው። ተረቱ ከባዶ አልመጣም። በሆሳዕና ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ዳገት ላይ መፍላቱ አይቀርም። ጤነኛ ክዳን ግን የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያወጣዋል። ጥፋተኛው ክዳኑ ሆኖ ሳለ የሚቀጣው ቴርሞስታቱ ነው።

ሲወጣ ምን ይሆናል? በእነዚህ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ አካባቢ እስኪከፈት ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ያግዳል። እሱ ከሌለ ውሃው ከመነሻው ጀምሮ ይዞራል፤ በአንጋጫና በዶዮገና ብርድ ደግሞ በአጭር ጉዞ ጨርሶ ላይሞቅ ይችላል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ብርድ ላይ ነው ብሎ ያምናል፤ አየርም ቤንዚንም ይጨምራል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ተጨማሪውን የአየር መንገድ የሚዘጋው በሙቅ ውሃ የሚያብጥ ሰም ነው፤ ውሃው ካልሞቀ ሰሙ አያብጥም፣ መንገዱም ክፍት ይቀራል። እንዲህ ሆኖ ሳለ ባለመኪናው ኢንጀክተር ያሳጥባል፣ ካንዴላ ይቀይራል።

የውሃው ዓይነትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ራዲያተሩ በኩላንት ፈንታ የቧንቧ ውሃ ለዓመታት ከጠጣ ወደ ትሮትል ቦዲው የሚሄደው ጠባብ መንገድ በዝገት ይደፈናል፤ ሰሙም አይሞቅም። ውሃ ሲጎድል ወይም አየር ሲቋጥርም ውጤቱ ያው ነው። ክዳኑን ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ከፍቶ ማየት ምንም አያስከፍልም፤ በሙቁ የከፈተ ግን ፊቱን ይቃጠላል።

“ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል” የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምርመራው ሲያልቅ ሳይሆን ትዕግሥቱ ሲያልቅ ነው። አዲሱ የስካነር ሶኬት ለእነዚህ መኪኖች አይገጥምም፤ መኪናው ግን ራሱ ይናገራል። ኮፈኑ ሥር ባለው የምርመራ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን መክፈት ነው፤ ሞተር ሳይነሳ የቼክ ኢንጅን መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ይቆጥራል። 22 ከቆጠረ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ፣ 41 ከቆጠረ የትሮትል ሴንሰሩ መስመር ተጠርጣሪ ነው። የሙቀት ሴንሰሩን በኦም መለኪያ ማረጋገጥ ይቻላል፦ በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ያሳያል።

አዋቂ መካኒክ ከርካሹ ይጀምራል። የነዳጅ ገመዱ ተወጥሮ ትሮትሉን ገርበብ አድርጎት እንደሆነ በእጁ ይነካል። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የአየር ቱቦውን ነቅሎ ትሮትል ቦዲው ላይ ያለችውን የሚኒሞ አየር ቀዳዳ በጣቱ ይደፍናል። ዙሩ ከወረደ አየሩ የሚገባው በሚኒሞ መቆጣጠሪያው ቫልቭ ነው፤ ይጠረጋል፣ ወይም ለምን እንደተከፈተ ይጠየቃል። ዙሩ ንቅንቅ ካላለ አየሩ በሌላ በኩል እየሰረገ ነው፤ ያኔ ቱቦዎቹን በየተራ በፒንሳ ጭምቅ እያደረገ ዙሩ የሚወርድበትን ይፈልጋል። የአየር መለኪያቸው ከፊልትሩ ቀጥሎ በሆኑ መኪኖች ግን ቱቦው ሲነቀል ሞተሩ ሊጠፋ ስለሚችል ይህ የጣት ፍተሻ ለእነሱ አይሆንም። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን እየረጩ ስርገት መፈለግም አለ፤ እሳት መጋበዝ ነው፣ ለማኒፎልዱ ጋስኬት የሳሙና ውሃ ይበቃል።

ዙሩ ከፍ ዝቅ እያለ ሲጮኽስ? እሱም ከስርገት ጋር ይዛመዳል። እግር ተነስቶ ዙሩ ከልክ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይቆርጣል፣ ሲወርድ ይለቃል፤ አየሩ ስላልተዘጋ መልሶ ይወጣል። ኮምፒውተሩን ለማደስ ተብሎ ባትሪ መንቀል ይህን አያድነውም።

ከቱቦዎቹ ሁሉ አንዱ ቀጠሮ አይሰጠውም፤ ከማኒፎልዱ ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደው ወፍራም ቱቦ። እሱ ከተሰነጠቀ ሚኒሞው ይወጣል፣ የፍሬኑ ፔዳልም ይደርቃል። ሚኒሞው የተሰቀለበት መኪና የያዘ ሰው ከሆሳዕና ወደ ሃላባ ቁልቁል ከመውረዱ በፊት ሞተሩን አጥፍቶ ፍሬኑን ደጋግሞ ይርገጥ፤ ከዚያ ረግጦ እንደያዘ ሞተሩን ያስነሳ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ማገዣው ይሠራል። ካላለ መኪናው ወደ ጋራዥ እንጂ ወደ ቁልቁለት አይሂድ።