ከሲዲ ወደ ቤት ኔትወርክ፦ የሙዚቃ ክምችት እንዴት ይዛወራል?

የሙዚቃ ሲዲ ሶኒና ፊሊፕስ በጋራ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1982 በጃፓን ለገበያ ያቀረቡት፣ ድምፅን በቁጥር የሚያስቀምጥ ዲስክ ነው። የድምፁ ሞገድ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ የሚወሰደው እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት ይጻፋል። 74 ደቂቃ የሚሄድ ሲዲ በዚህ ስሌት 780 ሜጋባይት ያህል ድምፅ ይይዛል። ዲስኩ ላይ ያለው ቀድሞውንም ቁጥር ስለሆነ ካሴት ወይም ሸክላ ሲገለበጥ የሚደርሰው መደብዘዝ እዚህ የለም፤ አንድም ቢት ሳይጎድል ወደ ሃርድ ዲስክ ሊሻገር ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከንባቡ ላይ ነው። የኮምፒውተር ፋይል የሚጻፍበት ሲዲ በእያንዳንዱ 2,352 ባይት ውስጥ ለመረጃው የሚሰጠው 2,048ቱን ብቻ ነው፤ የቀረው በዋናነት ለስህተት መቆጣጠሪያና ማረሚያ ይውላል። በሙዚቃ ሲዲ ላይ ግን 2,352ቱም ባይት ድምፅ ነው። መለስተኛ ጭረትን የሚያርም ዘዴ በሁለቱም ላይ አለ። ጭረቱ ከዚያ ካለፈ የሙዚቃ ማጫወቻው የጎደለውን ከፊትና ከኋላው ካለው ድምፅ ገምቶ ይሞላዋል፤ ሰሚውም ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም። ለአንድ ምሽት ማዳመጥ ይህ ይበቃል። ለዓመታት እንዲቀመጥ በሚፈለግ ቅጂ ላይ ግን ግምት ቦታ ሊኖረው አይገባም።

ስለዚህ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች አሉ። ከሁሉ የታወቀው ጀርመናዊው አንድሬ ቪትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ ነው። ፕሮግራሙ አጠራጣሪ ቦታ ሲያጋጥመው ደጋግሞ አንብቦ ውጤቶቹን ያስተያያል። አኪውሬትሪፕ የተባለው የመረጃ ቋት ደግሞ ያንኑ ሲዲ ሌሎች ሰዎች ሲገለብጡ ያገኙትን የማረጋገጫ ቁጥር ይዟል። ቁጥሩ ከገጠመ ቅጂው ትክክል መሆኑን ያለ ስጋት መቀበል ይቻላል።

ከመገልበጥ በፊት ዲስኩ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ ይወለወላል፤ በዙሪያው እያዞሩ መወልወል ግን ጉዳት አለው። ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ወገን ነው። ይሁንና ድምፁን የያዘው ቀጭን የብረት ሽፋን የሚገኘው ጽሑፍ ካለበት ወገን ሥር፣ ከስስ ቫርኒሽ በታች ነው። የታችኛው ፕላስቲክ ቢጫር ሊለሰልስ ይችላል፤ ከላይ የተላጠ ሽፋን ግን መልሶ አይገኝም። ቤት ውስጥ የተቀዱ ሲዲዎች መረጃውን የሚይዙት በብርሃንና በሙቀት በሚጎዳ ቀለም ላይ ስለሆነ ሥራው ከእነሱ ቢጀምር ይመረጣል።

የፋይሉ ዓይነት ምርጫ አጭር ነው። ኤምፒስሪ ቦታ የሚቆጥበው ጆሮ አይለየውም ያለውን ድምፅ ቆርጦ በመጣል ነው፤ የተጣለው አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውና ለማንም ነጻ የሆነው ፍላክ ግን ምንም ሳይጥል መጠኑን ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል። አንድ አልበም በአማካይ 400 ሜጋባይት ቢወስድ 500 ሲዲ በ200 ጊጋባይት ውስጥ ይገባል፤ ይህም ዛሬ ከሚሸጡት አነስተኛ ሃርድ ዲስኮች ላይ እንኳ ቦታ ይተርፈዋል። ስለዚህ ለማኅደር ፍላክን ትቶ ኤምፒስሪን ለመምረጥ አሁን በቂ ምክንያት የለም። በገበያ ብዙ ዘፈን ታጭቆባቸው የተሸጡ የኤምፒስሪ ሲዲዎችን ግን ወደ ፍላክ መለወጥ ትርፍ የለውም፤ እንዳሉ ይቀዳሉ።

እውነተኛው ድካም ያለው ስም በመስጠት ላይ ነው። ሲዲው ላይ በአብዛኛው የዘፈን ርዕስ አልተጻፈም፤ ፕሮግራሙ አልበሙን የሚለየው የዘፈኖቹን ብዛትና ርዝመት እንደ ሙዚክብሬንዝ ባሉ የመረጃ ቋቶች ውስጥ ከተመዘገበው ጋር አመሳክሮ ነው። በቡዳ ሙዚክ የታተመው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ስብስብ በዚህ መንገድ በቀላሉ ይገኛል። በአዲስ አበባ ወይም በዋሽንግተን አካባቢ ለታተመ የአማርኛ አልበም ግን መልስ ላይገኝ ይችላል፤ ያኔ ርዕሱን ከሽፋኑ እያዩ በእጅ መጻፍ ግድ ይሆናል።

ሲጻፍም ወጥነት ያስፈልጋል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በመሆኑ ቀደም ያሉት ዝርዝሮች የኢትዮጵያ ድምፃውያንን የሚጠሩት በላቲን ፊደል ነው። የአንድ ሰው ስም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ስለሚገኝ ኮምፒውተሩ ሦስት ድምፃውያን አድርጎ ይቆጥረዋል። በፊደላችን ቢጻፍም «ማህሙድ» ብሎ የሚፈልግ «ማሕሙድ» ተብሎ የተመዘገበውን ላያገኝ ይችላል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ደግሞ በመጨረሻው ስም ስለሚደረድሩ ሙላቱ አስታጥቄን በአባቱ ስም «አ» ሥር ያስቀምጡታል። አንድ አጻጻፍ መርጦ፣ በራስ ስም እንዲደረደር አዝዞ፣ እስከ መጨረሻው በዚያው መጽናት በኋላ ብዙ ፍለጋ ያድናል።

ፋይሎቹ የሚቀመጡበት የኔትወርክ ማከማቻ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ሃርድ ዲስክ የያዘ፣ በኬብል ከራውተር ጋር የሚገናኝ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ሲኖሎጂና ኪውናፕ ከታወቁት አምራቾች መካከል ናቸው። በላዩ ጄሊፊን ወይም ናቪድሮም የመሰለ ነጻ ፕሮግራም ሲጫን የቤተሰቡ ስልክ፣ ቴሌቪዥንና ከስፒከር ጋር የተገናኘ ማጫወቻ ሁሉ ከአንዱ ክምችት ያዳምጣሉ። የሲዲ ጥራት ያለው ድምፅ ሳይጨመቅ እንኳ በሰከንድ ከሚጠይቀው 1.4 ሜጋቢት ብዙም አያልፍም፤ ተራ ዋይፋይ ይህን ያለ ችግር ያደርሳል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ሙዚቃው ከቤት ስለማይወጣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም መጫወቱን አለማቆሙ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ግን ማከማቻው ዩፒኤስ ያስፈልገዋል፤ በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል የተቋረጠበት ሃርድ ዲስክ ፋይሎችን ሊያበላሽ ይችላል።

ብዙ ማከማቻዎች አንዱን ፋይል በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ እኩል ይጽፋሉ። ይህ አንደኛው ሃርድ ዲስክ ቢሞት ይጠቅማል እንጂ መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም፤ በስህተት የተሰረዘ አልበም ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ሌባና እሳትም ሁለቱን አይለዩም። የሚመከረው ሦስት ቅጂ መያዝ፣ ቅጂዎቹን በሁለት ዓይነት መሣሪያ ላይ ማኖር፣ አንዱን ደግሞ ከቤት ውጭ፣ ለምሳሌ ዘመድ ዘንድ ማስቀመጥ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሲዲዎቹን መጣል ወይም መሸጥ አይገባም። የሙዚቀኞቹና የአቀናባሪዎቹ ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሽፋኑ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ ዳግም ያልታተመ አልበም ያላቸው ባለቤቶችም ወረቀቱን ስካን አድርገው ከፋይሉ ጋር በአንድ ፎልደር ያስቀምጡት።