«ጌታ»ና «ባሪያ» ስለሚባሉ ኮምፒዩተሮች

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በውጭ አገር የኮምፒዩተር ሊቃውንት ዘንድ ስለተነሣው የቃላት ክርክር አንዳንድ የመሥሪያ ቤት ሰዎች «የሥራ ፈት ጨዋታ ነው» እያሉ ሲያቃልሉት ስለምሰማ፤ ነገሩ እኛንም የሚነካ መሆኑን ለማስረዳት ይህችን ጽሑፍ በአንባብያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ መሣሪያ ሲያዝ ሌላው የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽም ሲሆን፤ መሐንዲሶች አዛዡን «ማስተር»፤ ታዛዡን «ስሌቭ» ሲሉት ኖረዋል። ወደ ቋንቋችን ሲመለስ ጌታና ባሪያ ማለት ነው። እንዲሁም እንዳይገቡ የተከለከሉት የሚጻፉበት ዝርዝር «ብላክሊስት»፤ የተፈቀደላቸው የሚጻፉበት ደግሞ «ኋይትሊስት» ይባላል። ጥቁሩ ይባረራል፤ ነጩ ይገባል ማለት ነው።

የመጀመሪያው አነጋገር ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። ሮን ኤግላሽ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ2007 (የውጭውን አገር ነገር የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባሳተመው ጥናት፤ በ1904 ስለ ኬፕ ታውን የከዋክብት መመልከቻ ሰዓት የተጻፈ መግለጫ በዚህ ስም መጠቀሙን አመልክቷል። አንደኛው ሰዓት ጌታ፤ በእርሱ የሚመራው ሰዓት ባሪያ ተባለ። ኬፕ ታውን ባርነት በሕግ የቀረባት በ1834 ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ይህን ስም ሲያገኝ፤ ባሪያ ሆነው የተወለዱ ሽማግሌዎች በዚያችው ከተማ በሕይወት ሳይኖሩ አይቀሩም። ስሙን ያወጣው ሰው ክፉ አስቦ ነው አልልም፤ ዳሩ ግን ቃሉ ከሰማይ የወረደ አይደለም።

በ2003 የሎስ አንጀለስ አውራጃ መስተዳድር የአንድ ሠራተኛ አቤቱታ ከደረሰው በኋላ፤ ዕቃ አቅራቢዎች ይህን ስም ከመሣሪያዎቻቸው ላይ እንዲያነሡ በደብዳቤ ጠየቀ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ሣቀበት። እየቆየ ግን በ2014 ጃንጎ፤ በ2018 ፓይተን የተባሉት የፕሮግራም መጻፊያዎች ቃሉን ከመጻሕፍታቸው ማውጣት ጀመሩ። ግንቦት 2020 ጆርጅ ፍሎይድ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ በሚኒያፖሊስ ከተማ በፖሊስ ጉልበት ታፍኖ ከሞተ በኋላ ደግሞ ነገሩ ተፋጠነ። በዚያው ዓመት የሊኑክስ ሥራ መሪዎች ለአዲስ ጽሑፍ ሌላ ቃል እንዲመረጥ መመሪያ አወጡ፤ የእንግሊዝ የኮምፒዩተር ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ጥቁርና ነጭ ዝርዝር ማለቱን ተወ። ጊትሀብ የተባለው ድርጅት ከጥቅምት ወር ጀምሮ የአዲስ ሥራ ዋና ቅርንጫፍ «ማስተር» መባሉ ቀርቶ «ሜይን» እንዲባል አደረገ።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉትም የሚናቅ አይደለም። አንዳንዶቹ «ብረት ስድብ አይሰማም» ይላሉ። ሌሎች «ብላክሊስት» በእንግሊዝ አገር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲነገር የኖረ፤ ስለ ሰው ቆዳ ያልተባለ ቃል ነው ይላሉ። እኔን ይበልጥ የሚያስቸግረኝ የሦስተኞቹ ክርክር ነው። ኩባንያው ጥቁር መሐንዲስ ሳይቀጥር፤ ደመወዝም ሳያስተካክል፤ በአንድ ቀን ቃል ለውጦ ጨዋ ተባለ ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ቢሆንም ቅጥሩ ስላልተስተካከለ ቃሉም ይቆይ ማለት፤ ጣራው ስለሚያፈስ ወለሉ አይጠረግ እንደማለት ነው።

የጊትሀብን ለውጥ ግን በበኩሌ እምብዛም አላደንቀውም። በዚያ ቦታ «ማስተር» ባሪያ የሌለው ጌታ ነው፤ ይልቁንም ዋና ቅጂ ማለትን ይመስላል። የማስተርስ ዲግሪ ያለውን ሰው ባሪያ ፈንጋይ የሚለው የለም። ስሙ በየፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፎ ስለነበረም ብዙ ሠራተኛ ያለ ጥቅም ደክሟል።

ጌታና ባሪያ የሚለው ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ሥራውን እንኳ በትክክል አይገልጽም። በመረጃ ማከማቻ ውስጥ ሁለተኛው ኮምፒዩተር የፊተኛውን መዝገብ እየገለበጠ ይይዛል፤ የፊተኛው በተበላሸ ጊዜም ተነሥቶ በቦታው ይተካል። ጌታው ሲታመም ተነሥቶ ርስቱን የሚረከብ ባሪያ ማን አይቷል? «ዋና» እና «ቅጂ» ቢባል ተማሪው ሥራውን ከስሙ ብቻ ይረዳዋል።

ይህ የአሜሪካኖች ጉዳይ ነው ለሚሉኝ ደግሞ በክፍል ውስጥ ያየሁትን ልንገራቸው። አንድ ተማሪ ከውጭ መጽሐፍ ሲያነብ «ስሌቭ» ከሚለው ቃል ደረሰና ትርጉሙን ጠየቀኝ። አፌን ሳልከፍት ከኋላ ወንበር አንዱ ቃሉን በአማርኛ መልሶ፤ በጣቱ መልኩ ጠቆር ወዳለው ጓደኛው አመለከተ። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። አመልካቹን ገሠጽሁ፤ ትምህርቱም ቀጠለ። የተጠቆመበት ልጅ ግን ደብተሩን ዘግቶ፤ ሁልጊዜ ለመመለስ የሚቸኩለው እጁ እስከ ደወል ድረስ አልተነሣም።

መንግሥታችን ወደ መንግሥታት ማኅበር በ1916 ዓ.ም. ሲገባ ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብቷል። ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅም ባርነት በሕግ ተከልክሏል። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ፤ ስድቡ ግን እስከ ዛሬ ከየመንደሩ አልጠፋም። እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው «ታዲያ ገብረ ማርያምስ?» ይለኝ ይሆናል። ገብር በግዕዝ አገልጋይ፤ ባሪያ ማለት ነው፤ በጸሎትም «ባሪያህን» እንላለን። ነገር ግን ሰው በፈጣሪው ፊት ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚጠራበት ስምና ሌላው በጣቱ እያመለከተ የሚለጥፍበት ስም አንድ አይደሉም።

ጥቁር የሚለውንም ሁሉ እናጥፋ አላልሁም። ጥቁር ሰሌዳ ስል ስለ ቀለሙ ነው፤ ጥቁር እንግዳ ስንልም የምናከብረውን ሰው ነው። ጥቁርነት በራሱ ጥፋት ሆኖ ሲቆጠር ነው ነገሩ የሚበላሸው።

አሁን በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር እየተዛወረ፤ መመሪያውም ወደ አማርኛ እየተመለሰ ስለሆነ፤ በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ከምታዩት እንግሊዝኛ ቃል በቃል እንዳትገለብጡ አደራ እላለሁ። መሣሪያ መሣሪያን ሲያዝ «አዛዥና ታዛዥ»፤ መዝገብ ሲገለበጥ «ዋናና ቅጂ» ማለት ይበቃል። ከጨረታ የተከለከለውንም ነጋዴ «ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገባ» ማለት በቢሮዎቻችን ተለምዷል። «የታገዱ አቅራቢዎች ዝርዝር» ቢባል ቃሉ ጥቂት ይረዝማል እንጂ፤ የታገደው ማን እንደሆነና ከምን እንደታገደ ማንም ጸሐፊ ሳይጠይቅ ይገባዋል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ