«ኔ» እና «ዮ»፦ የጃፓንኛ ተማሪዎችን የሚፈትኑ ሁለት ቅንጣት ቃላት

በቶኪዮ ከተማ በብርዳማ ማለዳ የሚገናኙ ጎረቤታሞች «ሳሙይ ዴስ ኔ» ይባባላሉ፤ «ይበርዳል አይደል?» እንደ ማለት ነው። ቋንቋውን በመማር ላይ ያለ የውጭ አገር ሰው ግን «ሳሙይ ዴስ» ብሎ ሊያቆም ይችላል። ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ለጃፓናዊው ጆሮ ግን ከሰላምታ ይልቅ የአየር ጠባይ ዘገባ ይመስላል።

ጃፓንኛ እንደ አማርኛ ሁሉ ግሡን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ያስቀምጣል። ከግሡ በኋላ ደግሞ አጫጭር ቅንጣት ቃላት ይከተላሉ። ከእነዚህ መካከል «ካ» ዓረፍተ ነገሩን ጥያቄ ታደርገዋለች። «ኔ» እና «ዮ» ግን ፍሬ ነገሩን አይለውጡም። የሚያመለክቱት ተናጋሪው ስለ አድማጩ ዕውቀት ያለውን ግምት ነው።

ጃፓናዊው የቋንቋ ሊቅ አኪዮ ካሚዮ በጎርጎሮሳውያኑ 1990 ባሳተሙት መጽሐፍ ጉዳዩን «የመረጃ ክልል» በተሰኘ ጽንሰ ሐሳብ አብራርተውታል። በዚህ አስተሳሰብ መረጃም እንደ መሬት ባለቤትና ወሰን አለው። «ኔ» የምትነገረው መረጃው የጋራ ሲሆን ወይም ይበልጡን የአድማጩ ሲሆን ነው። ብርዱ ሁለቱንም ጎረቤታሞች ስለሚያገኛቸው «ኔ» ተገቢ ናት። አንድ ሰው ለማያውቀው እንግዳ «ዋታሺ ዋ ኤንጂኒያ ዴስ ኔ» ቢል ግን «መሐንዲስ ነኝ አይደል?» ብሎ የመጠየቅ ያህል ግራ ያጋባል።

«ዮ» በአንጻሩ አድማጩ ያላወቀውን ወይም ልብ ያላለውን ነገር ታሳውቃለች። መንገድ ላይ ቦርሳ የወደቀበትን ሰው «ኦቶሺማሽታ ዮ» ማለት ደግነት ነው። ፍጹም አቻ ባይሆንም፣ የአማርኛው «እኮ» ለዚህ አገልግሎት ይቀርባል፤ «ቦርሳዎ ወደቀ እኮ!» እንደሚባለው። አደጋውም ተመሳሳይ ነው። መምህር «ገባህ?» ብለው ሲጠይቁ «ዋካሪማሽታ ዮ» ብሎ የሚመልስ ተማሪ፣ ሳያስበው «ገባኝ እኮ!» ብሎ የተቆጣ ይመስላል።

የችግሩ አንዱ ምክንያት የመማሪያ ክፍሉ አሠራር ነው። በአሜሪካ የጃፓንኛ ክፍሎችን ያጠኑት ኤሚ ስናይደር ኦታ እንዳመለከቱት፣ በተለመደው ሥርዓት መምህሩ ይጠይቃል፣ ተማሪው ይመልሳል፣ መልሱን «ሶ ዴስ ኔ» ብሎ የሚቀበለውም መምህሩ ነው። ተማሪው «ኔ»ን ደጋግሞ ቢሰማም ራሱ የሚናገርበት ተራ እምብዛም አይደርሰውም። ተማሪዎች ጥንድ ሆነው ሲወያዩ ግን ያ ተራ ለእነርሱም ይደርሳል።

ከክፍል ውጪ ደግሞ አራሚ አይገኝም። መልእክቱ ስለሚገባ ጃፓናዊው አነጋጋሪ ስሕተቱን አያነሳም፤ ይልቁንም ተናጋሪውን «ቀዝቃዛ ሰው ነው» ወይም «ችኩልና ተከራካሪ ነው» ብሎ ሊገምት ይችላል። የቋንቋ ጉድለት የጠባይ ጉድለት ተደርጎ የሚወሰደው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ቅንጣቶቹን ከትርጉም ዝርዝር ከመሸምደድ ይልቅ ከነመልሳቸው መለማመድ ይበጃል። ለ«ሳሙይ ዴስ ኔ» «ሃይ» ብቻ ማለት ወሬውን እዚያው ይዘጋዋል። «ሶ ዴስ ኔ» ብሎ መመለስ ግን ብርዱን አብሮ መካፈል ነው።