በሙቀት ወራት ለሥራ ምን እንልበስ?

አዲስ አበባ ሐምሌ ሲገባ ዝናቡና ብርዱ ሹራብ ያስለብሳል። ቶሮንቶ ውስጥ ግን ሐምሌ ከዓመቱ ሁሉ የሚሞቅበት ጊዜ ነው። አየሩም እርጥበት ስላለው ላብ ቶሎ አይደርቅም። ላብ ካልደረቀ ደግሞ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ለዚህ ነው ቴርሞሜትሩ 30 ዲግሪ እያሳየ ሰውነትዎ 40 የሆነ ያህል የሚሰማው። በካናዳ የአየር ትንበያ ይህ ስሜት «ሂውሚዴክስ» በሚባል ቁጥር ይነገራል። ጠዋት ከመልበስዎ በፊት ቁጥሩን ይመልከቱ፦

• ከ30 እስከ 39፦ ምቾት ይነሳል።
• ከ40 እስከ 45፦ በጣም ይከብዳል። ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ይቀንሱ።
• ከ45 በላይ፦ አደገኛ ነው።

ለብዙዎቻችን ለሥራ ተስተካክሎ መልበስ የክብር ጉዳይ ነው። ኮት ማውለቅ ያሳፍረናል፤ አለቃን «ሞቀኝ» ማለትም ይሉኝታ ይይዘናል። ይህ ጽሑፍ ክብርዎን ጠብቀው፣ ጤናዎንም ሳይጎዱ እንዴት መልበስ እንደሚችሉ፣ መቼ እርዳታ መጠየቅ እንዳለብዎም ያስረዳል።

ከቤት ሲወጡ

• ሰፋ ያለ፣ ስስና ነጣ ያለ ቀለም ያለው ልብስ ይምረጡ። ጥጥ ላብ ይመጣል። ፖሊስተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙቀቱን ሰውነት ላይ ያፍነዋል።
• መሸፈን ችግር የለውም። ረጅምና ሰፊ የጥጥ ቀሚስ ወይም ሸሚዝ ከፀሐይ ይከላከላል። ሻሽ ወይም ሂጃብ የሚያደርጉ ከሆነ ስስ ጥጥ ይሁን፤ አይደራርቡ።
• ኮትና ክራቫት በእጅ ይያዙ፤ ሥራ ቦታ ሲደርሱ ይልበሱ። አውቶቡስ ሲጠብቁ ጥላ ሥር ይቁሙ ወይም ዣንጥላ ይያዙ።
• ትርፍ ሸሚዝና ካልሲ ቦርሳዎ ውስጥ ይኑር። በላብ የራሰ ልብስ ቆዳን ያሳክካል፣ ሽፍታም ያመጣል።
• ቁምጣ፣ ነጠላ ጫማና እጅጌ የሌለው ካናቴራ በብዙ ቢሮዎች አይፈቀዱም። እርግጠኛ ካልሆኑ አስቀድመው ይጠይቁ።

ቢሮ ውስጥ

ውጭው ሲያቃጥል ቢሮው በኤሲ ሊበርድ ይችላል። ከሥር ስስ ልብስ ለብሰው ከላይ የሚደረብ ሹራብ ወይም ነጠላ ወንበርዎ ላይ ያስቀምጡ። «ነፋስ ይመታኛል» ብለው መስኮት ዘግተው፣ ኤሲ አጥፍተው በሙቀት አይቀመጡ። ቀዝቃዛ አየር በቀጥታ ከመጣብዎ ቦታ ይቀይሩ ወይም ይደርቡ። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲያልፍ ቬንቲሌተር ብቻውን ሰውነትን በበቂ አያቀዘቅዝም።

ቢሮ የሚያጸዱ ከሆነ ይህንን ይወቁ፦ ብዙ ሕንፃዎች ሠራተኛው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ኤሲውን ይቀንሳሉ። የእርስዎ ሥራ ደግሞ ጉልበት የሚጠይቅ ነው። ስስ ልብስ ይልበሱ፣ ውሃ ይያዙ፣ በየመሐሉ ይረፉ። ከኬሚካል የሚጠብቅዎትን ጓንትና የተዘጋ ጫማ ግን በሙቀት ምክንያት አያውልቁ።

የደንብ ልብስና መብትዎ

ጥበቃ፣ ሆቴል፣ መኪና ማቆሚያ ወይም እንግዳ መቀበያ ላይ የሚሠሩ ከሆነ የበጋ የደንብ ልብስ፣ ለምሳሌ አጭር እጅጌ ሸሚዝ፣ ይጠይቁ። በኦንታሪዮ ሕግ፦

• አሠሪ የሠራተኛውን ጤና ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ ሁሉ ማድረግ አለበት። ሙቀትም የሚታይ አደጋ ነው።
• የሃይማኖት አለባበስዎ እንዲከበር መጠየቅ ይችላሉ።
• ከ2017 ጀምሮ፣ ከጥቂት ሥራዎች በስተቀር፣ አሠሪ ሴትን ባለ ተረከዝ ጫማ እንድታደርግ ማስገደድ አይችልም።
• ስለ ደኅንነትዎ በመጠየቅዎ ሊቀጡ ወይም ሊባረሩ አይገባም።

በመጀመሪያ ለቅርብ አለቃዎ ይንገሩ። ካልሰማዎት የኦንታሪዮ ሥራ ሚኒስቴር የጤናና ደኅንነት መስመር 1-877-202-0008 ላይ ይደውሉ።

ምች ነው ወይስ የሙቀት ሕመም?

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብዙ ማላብና የጡንቻ መኮማተር የሙቀት ሕመም ምልክቶች ናቸው። ብዙዎቻችን «ምች መታኝ» እንላለን፤ ዳማከሴ አሽተን፣ ጋቢ ተከናንበን «ያልበኝና ይለቀኛል» ብለን እንተኛለን። በሙቀት ሕመም ጊዜ መከናነብ አደጋውን ያባብሳል። ዳማከሴም ሆነ ታይለኖል ይህን ሙቀት አያወርድም። የሚረዳው ይህ ነው፦

• ቀዝቃዛ ቦታ ይግቡ። ኮት፣ ክራቫት፣ ጫማና ካልሲ ያውልቁ፤ ቀበቶና ጠባብ ልብስ ያላሉ።
• ውሃ ቀስ እያሉ ይጠጡ።
• አንገትዎን፣ ብብትዎንና ፊትዎን በእርጥብ ጨርቅ ያቀዝቅዙ።

ሰው ግራ ከተጋባ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ ወዲያውኑ 911 ይደውሉ። ላብ ቢኖርም ባይኖርም አይጠብቁ። እርዳታ እስኪደርስ የላይ ልብሱን አውልቀው ውሃ ያፍስሱበት፣ ያራግቡለት። ራሱን ለሳተ ሰው የሚጠጣ አይስጡ።

መድኃኒት የሚወስዱና የሚጾሙ

ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒትና አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ሰውነት ሙቀትን እንዳይቋቋም ያደርጋሉ። በራስዎ አያቋርጡ፤ ሐኪምዎን ወይም ፋርማሲስትዎን ይጠይቁ። የፍልሰታ ጾም የሚውለው በዚህ የሙቀት ወቅት ነው። ስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎ ከጾሙ በፊት ከሐኪምዎ ጋር፣ ከንስሐ አባትዎም ጋር ይመካከሩ።

ለነርስ ሲናገሩ

ምክር ከፈለጉ 811 ይደውሉ፤ ነርስ ቀንና ሌሊት ያነጋግርዎታል፣ ክፍያ የለውም። እንግሊዝኛ ካስቸገረዎ መጀመሪያ «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ። ከዚያ በግልጽ ይናገሩ፦

• «ልቤን አመመኝ» ብቻ አይበሉ። የሚያምዎት ደረትዎ ከሆነ «ደረቴን»፣ የሚያቅለሸልሽዎ ከሆነ «ሊያስመልሰኝ ነው» ይበሉ። የሁለቱ ሕክምና የተለያየ ነው።
• «ደከመኝ» ሲሉ ተራ ድካም ሊመስል ይችላል። መቆም ካቃተዎ «መቆም አቃተኝ» ይበሉ።
• መቼ እንደጀመረዎ፣ የት እንደነበሩ፣ ምን ዓይነት ልብስ እንደለበሱና ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ይንገሩ።

ይህን ጽሑፍ ለሥራ ባልደረባዎና ለቤተሰብዎ ያካፍሉ።