ወደ ጊች መቼ ይወጣል?

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከሳንቃበር ተነስቶ የጅንባርን ወንዝ የተሻገረ መንገደኛ ከሰዓታት ዳገት በኋላ ጊች ይደርሳል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ያህል ላይ። ሕንድ ውስጥ ሂንዱዎች ሺቫን ሊሳለሙ የሚወጡበት የኬዳርናት መቅደስም በከፍታው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ 3,583 ሜትር ላይ ነው። ኬዳርናት በሚያዝያ ወይም በግንቦት ተከፍቶ በጥቅምት ወይም በኅዳር መጀመሪያ ይዘጋል። በረዶ መንገዱን ሲቀብረው የአምላኩ ምስል ኡኪማት ወደምትባል ቆላማ ከተማ ይወርድና እዚያው ይከርማል። በር መከፈቱ ግን ለሰማዩ ዋስ አይሆንም፤ በሰኔ 2005 ዓ.ም. ጉዞው በደራበት ሰሞን የወረደው ጎርፍ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጅቷል።

በእኛም አገር ለንግሥ ተራራ የሚወጣ ሰው ቀኑን አይመርጥም። ግሸን ማርያም መስከረም 21፣ ዝቋላ አቦ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ነው። በስሙ የሚጠራ ተራራ ያለው፣ እዚሁ ሰሜን ውስጥ እንደተሰወረ የሚታመነው ቅዱስ ያሬድም ግንቦት 11 ይታሰባል። አራቱም ቀናት ከከባዱ ዝናብ ወጣ ያሉ ናቸው፤ ለተጓዡ ትልቅ እረፍት ነው። ወደ ጊች የሚሄድ ሰው ግን ወሩን ራሱ መምረጥ አለበት።

የሰሜን ተራሮች ከምድር ወገብ በ13 ዲግሪ ብቻ ስለሚርቁ የቀኑ ርዝመት በበጋም በክረምትም ያን ያህል አይለያይም። ወቅቱን የሚለየው ዝናቡ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ጅንባር ይሞላል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ 3,926 ሜትር ላይ ካለው እመት ጎጎ ጫፍ የቆመም ከደመና በቀር የሚያየው ላይኖር ይችላል። የጊች ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ገደማ ወደ ደባርቅ ስለተዛወሩ ዝናብ የመታው እንግዳ አንኳኩቶ የሚጠለልበት የመንደር ጎጆም የለም።

እኔን ብትጠይቁኝ ጥቅምትን እመርጣለሁ። ሣሩ ገና ለምለም ነው፤ ጭላዳዎች ቁጭ ብለው ቅጠሉን በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ ይውላሉ። በጋው ሲጠና ግን ያው መንጋ መሬት እየቆፈረ ሥራሥር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ወሩን ከጭላዳው እጅ ማንበብ ይቻላል።

ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል፣ ገደሉና አምባው እስከ ሩቅ ይታያል። ዋጋው ሌሊት ይከፈላል፤ እንደ ጋቢ ሙቀቱን ይዞ የሚያቆየው ደመና ስለሌለ ውርጭ ይወርዳል። ወፍራም መኝታ ሳይይዙ መውጣት በጤና መቀለድ ነው።

ከየካቲት ወዲያ ጓሳውና አስታው እንደ ደረቀ ይቆያል፣ አየሩም ይጨፈግጋል። ያኔ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ብዙ ታጠፋለች። በመጋቢትና ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በፓርኩ የተነሳው ቃጠሎ ጠፋ ሲባል እያገረሸ የአካባቢውን ሕዝብ አድክሞ፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ደግሞ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ አድርሷል። በእነዚህ ወራት የሚሄድ ሰው እንጨት አንድዶ ማደርን ፈጽሞ ይተው።

የትኛውም ወር ይመረጥ፣ ጉዞው የሚጀምረው ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። ከተጓዡ ጋር የሚሄደው ጠባቂ (ስካውት) የሚመደበው እዚያ ነው፤ በቅሎ ከመጫኑ በፊት የመንገዱን ሰላምና የጅንባርን ሙላት መጠየቅም እዚያው ነው።